ከጨርቅ ገበያ እስከ ፊቅህ ሐለቃ፦ ኢማም አቡ ሐኒፋ ባለሙያ የሆኑበት መንገድ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ሰፈር ውስጥ ዶክተር፣ ኢንጂነር መባል እንጀምራለን። እናቶቻችን በዚያ ስም ይጠሩናል፤ ጎረቤቱም ይቀበላቸዋል። ስሙ ከሙያው ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያ የምረቃው ቀን ያልፍና የሥራው ዓለም ይመጣል። አንዳንዱ ባልተማረበት መስክ ይቀጠራል። አንዳንዱ ሥራ እስኪያገኝ የአባቱ ሱቅ ውስጥ ይቆማል። አንዳንዱ ደግሞ በተማረበት ሙያ ይቀጠርና በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተማረው ነገር ፊቱ ላለው ጉዳይ እንደማይበቃው ይረዳል። ያኔ ሁላችንም ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ እኔ አሁን ምንድን ነኝ? ባለሙያ ነኝ የምለውስ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይህ ጥያቄ ዘንድሮ ለሚመረቁት ወንድሞችና እህቶች በጣም ቅርብ በመሆኑ በዚህ እትማችን የኢማም አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በመዝሀባቸው ነው። በተለይ ከወሎ የመጣችሁ የመዝሀባቸው ኪታቦች ሲቀሩ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። እኛ ግን ዛሬ ታላቁን ኢማም ትተን ወጣቱን ኑዕማንን እንመልከት። ከገበያ ተነስተው ዓሊም እስከሚሆኑ ድረስ ምን አለፉ? ስንት ዓመትስ ፈጀባቸው?

የገበያው ወጣት

ኑዕማን ኢብኑ ሣቢት የተወለዱት በ80 ዓመተ ሒጅራ (699 እ.ኤ.አ) ኢራቅ ውስጥ በምትገኘው በኩፋ ከተማ ነው። ቤተሰባቸው ዘሩ ከፋርስ ወገን ሲሆን መተዳደሪያው ንግድ ነበር። ኩፋ በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የጦር ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዑመር ታላቁን ሶሓባ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ለሕዝቧ አስተማሪ አድርገው ልከውላት ነበር። ከእርሳቸው የተማሩት ሰዎች ለተከታዮቻቸው፣ ተከታዮቹም ለሌሎች እያስተላለፉ ከተማዋ የፊቅህ ማዕከል ሆነች። ስለዚህ ኑዕማን ሲያድጉ ኩፋ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ነበሩ፦ ገበያና መስጂድ።

ወጣቱ ኑዕማን የገበያው ሰው ነበሩ። ኸዝ የሚባል ከሐርና ከሱፍ የሚሠራ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ብልህ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሥራቸውንም የሚያውቁ ወጣት ነበሩ። ሕይወታቸው በዚያው ቢቀጥል ኖሮ የሚያስወቅሳቸው ነገር አልነበረም፤ ሐላል ሲሳይ ነው።

አንድ ቀን ግን ወደ ገበያ ሲሄዱ ከዘመኑ ታላላቅ ዑለማዎች አንዱ በነበሩት በሻዕቢይ አጠገብ አለፉ። ሻዕቢይም ጠሯቸውና ወደ ማን እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው። ኑዕማን ወደ ገበያ እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ሻዕቢይ የጠየቁት ግን ከዑለማዎች ወደ ማን እንደሚሄዱ ነበር። ወጣቱ ከዑለማዎች ዘንድ እምብዛም እንደማይሄዱ ሲነግሯቸው፣ በእርሳቸው ላይ ንቃትና ብርታት እንደሚያዩባቸው ገልጸው ወደ ዒልም እንዲያዘነብሉና ከዓሊሞች ጋር እንዲቀመጡ መከሯቸው። ይህ ምክር ልባቸው ውስጥ ገባ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ዒልም መመላለስ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ኑዕማን ያልፈለጉት በር በአንድ ታላቅ ሰው ቃል ተከፈተላቸው። ሻዕቢይ ቆመው ባያነጋግሯቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አላህ ያውቃል። ብዙ ወጣት የራሱን ችሎታ የሚያየው ሌላ ሰው አይቶ ሲነግረው ነው። ከእኛ መካከል ቀድመው የተመረቁና ሥራ የያዙ ወንድሞችና እህቶች ይህን ክፍል ለእነርሱም እንደተጻፈ አድርገው ያንብቡት።

መልስ ያጡለት ጥያቄ

ኑዕማን በመጀመሪያ የገቡበት ዘርፍ ዒልመል ከላም፣ ማለትም በዐቂዳ ጉዳዮች ላይ የሚደረግ ክርክር ነበር። በዚያ ዘመን በስራ የልዩ ልዩ ቡድኖች መናኸሪያ ስለነበረች ለክርክር ወደዚያ ደጋግመው ተጓዙ። በክርክሩም ስም አወጡ። በእኛ አነጋገር፣ በወጣትነታቸው ታዋቂ ሆኑ።

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። የሴትየዋ ጥያቄ ቀላል የሚመስል ነበር፤ አንድ ሰው ሚስቱን በሱና መሠረት መፍታት ቢፈልግ እንዴት ነው የሚፈታት የሚል ነበር። ያ በክርክር የታወቀው ወጣት መልሱን አላወቁትም። የሚያውቁ መስለው አልተናገሩም፤ የፊቅህ ሐለቃቸው በአቅራቢያው ወደነበረው ወደ ሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ሄዳ እንድትጠይቅና የሚሰጧትን መልስ ተመልሳ እንድትነግራቸው አሏት። ሴትየዋም ጠይቃ መጥታ ነገረቻቸው። ኑዕማን መልሱን ሲሰሙ ከእንግዲህ በከላም ጉዳይ እንደማይቆዩ ወስነው ጫማቸውን አንስተው ወደ ሐማድ ሐለቃ ሄዱ።

ከዚህች አጭር ታሪክ የምንረዳው ብዙ ነው። ኑዕማን ዝና ነበራቸው፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ለሚገጥመው ችግር ግን የሚሰጡት መልስ አልነበራቸውም። ሴትየዋ የመጣችው ተከራካሪ ፈልጋ አይደለም፤ ቤቷንና ኑሮዋን የሚነካ ጉዳይ ይዛ ነው። የሙያ መለኪያው እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። ሰው ችግሩን ይዞ ወደ እኛ ሲመጣ ምን እንሰጠዋለን? ወጣቱ ኑዕማን በዚያች ቀን ራሳቸውን በዚህ ሚዛን መዘኑ። ቀልሎ ሲያገኙትም ዝናቸውን ትተው እንደ አዲስ ደረሳ ከሥር ጀመሩ።

አሥር ዓመትና ስድሳ ጥያቄ

በሐማድ ሐለቃ ውስጥ ኑዕማን የተነገረውን ይዘው፣ በማግስቱ ሲደገም ሌሎቹ የሚሳሳቱትን እርሳቸው በትክክል ይመልሱ ነበር። ሐማድም ይህን አይተው ከሐለቃው ፊት ለፊት ከእርሳቸው በስተቀር ማንም እንዳይቀመጥ አዘዙ።

አሥር ዓመት አለፈ። በዚህ ጊዜ ከመምህራቸው ተለይተው የራሳቸውን ሐለቃ የመክፈት ፍላጎት አደረባቸው። ይህን ስሜት እኛም እናውቀዋለን። አራት ወይም አምስት ዓመት ተምረን፣ ከዚያ አንድ ዓመት ሠርተን አሁንስ በቃኝ፣ ለብቻዬ ልሁን እንላለን። ኑዕማን አሥር ዓመት ቆይተው ነው ይህ ሐሳብ የመጣባቸው። አንድ ምሽት ቆርጠው ወጡ። መስጂድ ሲገቡ ግን መምህራቸውን አዩ፤ ትተዋቸው ለመሄድም ልባቸው እንቢ አላቸው፤ መጥተው እንደ ወትሯቸው አጠገባቸው ተቀመጡ።

በዚያው ሌሊት ሐማድ መርዶ ደረሳቸው። በስራ ውስጥ አንድ ዘመዳቸው ሞቶ ነበር፤ ከእርሳቸው ሌላ ወራሽም አልነበረውም። ሐማድ ለመሄድ ሲነሱ ኑዕማንን በቦታቸው ተክተው ሄዱ። እንግዲህ ወጣቱ የተመኙት ነገር ሳይጠይቁ እጃቸው ገባ። ሰው እየመጣ ይጠይቃል፤ ኑዕማን ይመልሳሉ። ከመምህራቸው ሰምተው የማያውቋቸው ጉዳዮችም መጡባቸው። እነዚህን በራሳቸው ማስተዋል መለሱ፤ ነገር ግን እያንዳንዱን መልስ ጽፈው አስቀመጡ።

ሐማድ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። ኑዕማን የጻፏቸውን ጉዳዮች አቀረቡላቸው፤ ስድሳ ያህል ነበሩ። ሐማድ በአርባው ተስማሙ፤ በሃያው ግን ከተማሪያቸው ጋር አልተስማሙም። ኑዕማንም ሐማድ እስኪሞቱ ድረስ ላይለዩአቸው በራሳቸው ላይ ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ሐማድ በ120 ዓመተ ሒጅራ (738 እ.ኤ.አ) እስኪያልፉ ድረስ አብረዋቸው ቆዩ፤ የትምህርቱ ዘመን በድምሩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ።

ወገኖቻችን፣ ከስድሳ አርባ ማግኘት በእኛ ፈተና ማለፊያ ነው። ኑዕማን ግን አርባውን አልቆጠሩም፤ የቆጠሩት ሃያውን ነው። ምክንያቱም ከእነዚያ ከሃያዎቹ ጀርባ ሃያ ሰዎች አሉ። እያንዳንዱ መልሱን ይዞ ቤቱ ሄዶ በመልሱ ሠርቷል። የሕክምና ተማሪዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል። የሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ የሕግና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎችም እንዲሁ። ፈተና ላይ የተሳሳትነው ነጥብ ብቻ ያስከፍለናል፤ ሥራ ላይ የተሳሳትነውን ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ሌላው የሚደንቀው መልሶቹን መጻፋቸው ነው። ባይጽፏቸው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? መምህሩ በስራ ናቸው፤ ጠያቂዎቹም መልሳቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ራሳቸውን ለምርመራ ያቀረቡት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይህ አማና ነው።

ሐማድ ካለፉ በኋላ እንኳ ወደ መምህሩ ቦታ አልተሽቀዳደሙም። የሐለቃው ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት የሐማድን ልጅ ነበር፤ የልጁ ዝንባሌ ግን ወደ ግጥምና ወደ ዐረቦች ታሪክ ሆኖ ተገኘ። ሌላም ሰው ተሞከረ። በመጨረሻ ኑዕማንን ለመኗቸው፤ ዒልሙ እንዳይጠፋ ብለው እሺ አሉ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው አርባ ነበር።

ሱቁ አልተዘጋም

አቡ ሐኒፋ ዓሊም ሲሆኑ ንግዳቸውን አልተዉም። ኩፋ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፤ ሸሪኮችም ነበሯቸው። ዒልሙ ንግዱን አረመው፣ ንግዱም ዒልሙን ደገፈው ማለት ይቻላል።

አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው መጥታ መቶ ዲርሃም ጠየቀች። አቡ ሐኒፋ ልብሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ነገሯት። መቶ ጨመረች፤ አሁንም ከዚያ በላይ ነው አሏት። እንዲህ እየጨመረች አራት መቶ ስትደርስ አሁንም እንደሚበልጥ ነገሯት። ሴትየዋ የሚያሾፉባት መሰላት። እርሳቸው ግን ዋጋውን የሚያውቅ ሰው እንድታመጣ አደረጉ፤ ሰውየው መጥቶ ከገመተ በኋላ በአምስት መቶ ገዟት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐፍስ ለተባለው ሸሪካቸው ጨርቆች ሲልኩ አንደኛው ጉድለት ስላለበት ለገዢው እንዲነግር አስጠነቀቁት። ሐፍስ ረስቶ ሳይናገር ሸጠ፤ ገዢውም ማን እንደሆነ አልታወቀም። አቡ ሐኒፋ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ሁሉ ዋጋ ሶደቃ አድርገው ሰጡት።

ከትርፋቸውም ለዑለማዎችና ለተማሪዎች ቀለብና ልብስ ይገዙ ነበር። ሲሰጧቸውም ምስጋናው ለአላህ ብቻ እንዲሆን ያሳስቧቸው ነበር፤ የሰጡት ከራሳቸው እንዳልሆነ፣ አላህ በእጃቸው ያሳለፈላቸው ሲሳይ እንደሆነ ይነግሯቸዋል። ንግዱ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ የማንም ገዢ ደሞዝ አላስፈለጋቸውም። ይህ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀማቸው እናያለን።

ዲግሪ ይዘው ሱቅ ውስጥ ለቆሙ፣ ልብስ ለሚሸጡ፣ ሞባይል ለሚጠግኑ ወንድሞችና እህቶች ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። በዓለም ካሉ መዝሀቦች አንዱ የሚጠራበት ኢማም ጨርቅ ሻጭ ነበሩ፤ ይህም ከክብራቸው ምንም አልቀነሰባቸውም። ሐላል ሥራ ሁሉ ሰውየው በሚሠራበት አኳኋን ይከበራል።

የተማሪያቸው ታሪክ

የዚህ ሕይወት ውበት አቡ ሐኒፋ ለራሳቸው የተማሩትን ለተማሪያቸውም ማስተማራቸው ነው። ያዕቁብ ኢብኑ ኢብራሂም፣ በኋላ አቡ ዩሱፍ ተብለው የታወቁት፣ የድሃ ልጅ ነበሩ። አባታቸው አቡ ሐኒፋ እንጀራቸው የተሟላ ሰው መሆናቸውን፣ እርሳቸው ግን መተዳደሪያ እንደሚያስፈልጋቸው ነግረው ትምህርቱን እንዲቀንሱ አደረጓቸው። ስንቶቻችን ይህን ንግግር ቤታችን ሰምተናል! አቡ ዩሱፍ ከሐለቃው ቀሩ። አቡ ሐኒፋ መቅረታቸውን አስተዋሉና አፈላለጓቸው። ሲመጡ ምክንያቱን ጠየቁ፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መቶ ዲርሃም ያለበት ከረጢት ሰጧቸው፤ ሲያልቅ እንዲነግሯቸውም አሳሰቧቸው። አቡ ዩሱፍ ግን አንድም ቀን መናገር አላስፈለጋቸውም፤ ሳይናገሩ ይጨመርላቸው ነበር።

ዓመታት አለፉ። አቡ ዩሱፍ በጠና ታመሙ። አቡ ሐኒፋ ሊጠይቋቸው ሄደው ከእርሳቸው በኋላ ለሙስሊሞች ተስፋ ያደርጓቸው እንደነበር ተናገሩ። አቡ ዩሱፍ ተሻላቸው። ይህ ምስጋና ጆሯቸው ሲደርስ ግን ራሳቸውን ከፍ አድርገው የራሳቸውን ሐለቃ ከፈቱ።

አቡ ሐኒፋ አልተቆጡም። አንድ ሰው ጥያቄ አስይዘው ላኩ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ልብስ እያጠበ ለሚያነጣ ባለሙያ ልብሱን ሰጠ። ሊወስድ ሲመጣ ባለሙያው ልብስ አልሰጠኸኝም ብሎ ካደ። ከጊዜ በኋላ ግን ልብሱን አንጽቶ መለሰለት። የእጅ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም? መልእክተኛው ይገባዋል ቢሉት ተሳስተዋል እንዲላቸው፣ አይገባውም ቢሉትም ተሳስተዋል እንዲላቸው ታዟል። አቡ ዩሱፍ ይገባዋል አሉ፤ ተሳስተዋል ተባሉ። አስበው አይገባውም አሉ፤ አሁንም ተሳስተዋል ተባሉ። ወዲያው ተነስተው ወደ መምህራቸው ሄዱ።

አቡ ሐኒፋ ያመጣቸው የልብስ አጣቢው ጉዳይ መሆኑን አውቀው ጠበቋቸው። ከዚያም አስረዷቸው፦ ልብሱን ያነጣው ከመካዱ በፊት ከሆነ የሠራው ለባለቤቱ ነውና ዋጋው ይገባዋል። ያነጣው ከካደ በኋላ ከሆነ ግን የሠራው ለራሱ ነውና ዋጋ የለውም። አቡ ዩሱፍ ወደ ሐለቃው ተመለሱ።

መልሱ ራሱ ለእኛ ትምህርት አለው። ሥራው ያው ነው፤ ልብሱም ያው ንጹሕ ልብስ ነው። የሚለየው ሲሠራው ለማን ብሎ ነበር የሚለው ነው። ሙያም ኒያ አለው።

እንቢ ያሉት ሹመት

አቡ ሐኒፋ ስማቸው ሲገን ገዢዎች ፈለጓቸው። በበኑ ኡመያ መጨረሻ የኢራቅ ገዢ የነበረው ኢብኑ ሁበይራ ሹመት ሰጣቸው፤ እንቢ አሉ፤ ተገረፉ። ከዚያ ወደ መካ ሄደው ቆዩ። ዐባሲዮች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ኸሊፋው አል መንሱር ቃዲ እንዲሆኑ ጠየቃቸው። ለቦታው እንደማይመጥኑ ነገሩት። መንሱር ይዋሻሉ አላቸው። እርሳቸውም ውሸታም ከሆኑ ውሸታም ሰው ቃዲ ሊሆን እንደማይገባ፣ እውነተኛ ከሆኑም እንደማይመጥኑ ራሳቸው መመስከራቸውን አስረዱት። ለእርሳቸው ቃዲ ማለት በኸሊፋው፣ በልጆቹና በጦር አዛዦቹ ላይ መፍረድ የሚችል ሰው ነው። በዚያ ወንበር ላይ ይህ እንደማይሆንላቸው ስላወቁ ስሙን ብቻ መሸከም አልፈለጉም። ታሰሩ፤ በ150 ዓመተ ሒጅራም (767 እ.ኤ.አ) ባግዳድ ውስጥ ወደ አኼራ ሄዱ። የተቀበሩበት ሰፈር እስከ ዛሬ በማዕረጋቸው አዕዞሚያ እየተባለ ይጠራል።

አቡ ዩሱፍ ግን ከዓመታት በኋላ ቃድነትን ተቀበሉ። በሃሩን አል ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ የበላይ ሆኑ፤ ኸሊፋው ስለ ግብር አሰባሰብ ሲጠይቃቸውም ኪታቡል ኸራጅን ጻፉለት፤ በውስጡም በሕዝብ ላይ ግፍ እንዳይደርስ መከሩት። መምህሩ እንቢ ያሉትን ተማሪው ተቀበለ። ሁለቱም በኡማው ዘንድ የተከበሩ ናቸው። ስለዚህ ከታላላቆቻችን የምንወስደው መልካቸውን መቅዳት ሳይሆን ሚዛናቸውን መያዝ ነው። አንዳችን መንግሥት መሥሪያ ቤት እንገባለን፣ አንዳችን በግል እንሠራለን፣ አንዳችን ማስተማሩን እንመርጣለን። የምንመዘንበት አማና ግን አንድ ነው።

ምን ይዘን እንውጣ?

ውድ ተመራቂዎች! ሥራ ስትጀምሩ በመጀመሪያ የምትፈልጉት ከደሞዙ ቀጥሎ የሚያርማችሁን ሰው ይሁን። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሐማድ አይጠፋም፤ ምናልባት ዲግሪው ከእናንተ ያነሰ፣ ልምዱ ግን የበለጠ ነርስ ወይም ፎርማን ይሆናል። አጠገቡ ተቀመጡ። የሠራችሁትን እየጻፋችሁ አሳዩት፤ ያላወቃችሁትንም አላውቅም በሉ። ሰው ገና ሳይገባችሁ ዶክተር ብሎ ቢጠራችሁ በስሙ አትኩሩ፤ እስክትደርሱበት የምትሠሩበት አደራ አድርጋችሁ ያዙት። ሥራው ቢዘገይም ተስፋ አትቁረጡ፤ አቡ ሐኒፋ የሐለቃው መሪ የሆኑት በአርባ ዓመታቸው ነው።

ቀድማችሁ የወጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሻዕቢይንና ያንን የመቶ ዲርሃም ከረጢት አስታውሱ። አንድ ምክር፣ አንድ የሥራ ጥቆማ፣ ለአንድ ተማሪ የትራንስፖርት ገንዘብ አንድ ኢማም ሊያወጣ ይችላል። ከሐለቃው የቀረውን አስተውሉ፤ ፈልጉትም።

አላህ ጠቃሚ ዒልም፣ ሐላል ሲሳይና ተቀባይነት ያለው ሥራ ይወፍቀን። ኢማማችንን ይዘንላቸው፤ ከእነርሱም ጋር በጀነት ይሰብስበን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።